ላፕቶፑ ነቅቷል፣ ዋይፋዩ ግን ተኝቷል

ሰፈራችን ያለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለፈው ክረምት ላፕቶፗን ታቅፋ ቤት መጣች። «ጋሼ፣ ዋይፋዩ ተቃጥሏል አሉኝ» አለችኝ። የወሰደችበት ጥገና ቤት ካርዱ ካልተቀየረ አይሠራም ብሏታል። ዋጋም ቆርጦላታል። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ደርሶ ስለነበር ፊቷ ላይ ጭንቀቱ ይታያል።

«መቼ ነው የሚጠፋው?» አልኳት።

ትንሽ አሰብ አደረገችና «ከፍቼ ስሠራ ደህና ነው። ክዳኑን ዘግቼ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ነው የሚጠፋው» አለች።

«ሪስታርት ስታደርጊውስ?»

«ይመጣል።»

የተቃጠለ ካርድ ሪስታርት ስላደረጉት አይነሳም። የሷ ካርድ ጤነኛ ነው። ጣጣው ያለው ከእንቅልፍ አነሳሱ ላይ ነው። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ላፕቶፑን የሚያሠራው ሲስተም) ለጫነ ላፕቶፕ ይህ በጣም የተለመደ ችግር ነው። ሰው ግን ምክንያቱን ስለማያውቀው ደህናውን ካርድ ያስቀይራል፣ ወይም ሲስተሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ሊኑክስን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ሁለት መስመር ትዕዛዝ ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄም አንድ ነው፦ ላፕቶፑ ሲነሳ ማን ሳይነቃ ቀረ?

እንቅልፉ ምንድን ነው?

ክዳኑን ስትዘጉት ላፕቶፑ አይጠፋም። የከፈታችሁት ፋይልና ፕሮግራም ሁሉ ራሙ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ራሙ እንዳይረሳ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያገኛል። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ዲስኩና የዋይፋይ ካርዱ ግን ይዘጋሉ። ሰስፔንድ የሚባለው ይህ ነው። ይህ የድሮው ዓይነት «ዲፕ» ወይም «ኤስ3» ይባላል።

አሁን አሁን ሌላ ዓይነት መጥቷል። «ኤስ2አይድል» ይሉታል። እንደ ስልክ እንቅልፍ አስቡት። ማሽኑ መብራቱን ከሁሉም ላይ አይቆርጥም። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያቆማቸዋል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ራሱ ዝቅ ወዳለ የኃይል ደረጃ እንዲወርድ ይታዘዛል። ማይክሮሶፍት «ሞደርን ስታንድባይ» ብሎ የገፋበት መንገድ ይኸው ነው። አምራቾችም ተከትለውት ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የድሮውን ኤስ3 ጭራሽ አውጥተውታል። የመተኛት ሥራው ለየዕቃው ስለተከፋፈለ አንዱ ዕቃ ከተሳሳተ ጣጣው ለሁሉም ይተርፋል።

የዋይፋይ ካርድን ደግሞ እንደ አንቴና ብቻ አትዩት። ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ማስታወሻ አለው። የሚሠራበትም የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ፈርምዌር የሚባለው። አብዛኞቹ ካርዶች ግን ይህን ፈርምዌር ራሳቸው ላይ አያስቀምጡትም። ፋይሉ ዲስካችሁ ላይ፣ «ሊብ» ውስጥ «ፈርምዌር» በሚባለው ፎልደር ነው ያለው። ላፕቶፑ ሲበራ ድራይቨሩ (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከዚያ አንስቶ ካርዱ ላይ ይጭንለታል።

ካርዱ ሲተኛ መብራቱ ከተቆረጠበት የተጫነለትን ሁሉ ይረሳዋል። ስሙን የረሳ ሰው በሉት። ሲነሳ ድራይቨሩ ቶሎ ብሎ ፈርምዌሩን እንደገና መጫን አለበት። የሊኑክስ ከርነል ለዚህ ጥሩ ብልሃት አለው። ከእንቅልፍ ሲነሱ ዲስኩ ገና ሳይነቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመተኛቱ በፊት ፈርምዌሩን ራም ላይ አኑሮ ይተኛል። ሲነሳ ከራሙ አውጥቶ ይሰጣል። የሚገርመኝ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ፣ በየላፕቶፑ፣ ማንም ሳያየው በሰላም ማለፉ ነው። (ኤቲኤች9ኬ በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩት የድሮ አቴሮስ የፒሲአይ ካርዶች ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር ጭራሽ አይፈልጉም። እንዲህ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ከጣጣው ግማሹ አይመለከታችሁም።)

የካርዱ እንቅልፍ ራሱ ደረጃ አለው። ከዲ0 ይጀምራል፤ ዲ0 ማለት ሙሉ ለሙሉ ነቅቷል ማለት ነው። መጨረሻው ዲ3 ነው። ዲ3 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። «ዲ3ሆት» ላይ ካርዱ ተኝቷል እንጂ መብራቱ አልተቆረጠም። «ዲ3ኮልድ» ላይ መብራቱም ተቆርጧል። ከዲ3ኮልድ መነሳት ነው ከባዱ።

ካርዱ ከነቃ በኋላም ሥራው አላለቀም። ድራይቨሩ ካርዱን ያነሳል። አርኤፍኪል የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ሬዲዮው እንዲበራ ይፈቅዳል። ኔትወርክማናጀር ደግሞ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ፓስወርድ ይሰጣል፣ ከራውተሩ አድራሻ ይቀበላል። እሳት የሚያነደው ሳይነሳ ቡና ጠጪው ቀድሞ ቢነሳ ምን ዋጋ አለው? ተራው አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ እናንተ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያው «ዋይፋይ የለም» ነው። ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ብዙ የሆነው በዚህ ነው።

ያልነቃውን መፈለግ

ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ታስገቧቸዋላችሁ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያልና ሌላ ካላልኩ በስተቀር ሁሉም በትንሹ ነው።

ማንኛውንም ትዕዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ራውተሩን እዩት። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እኛ ጋ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው መብራት ሲሄድ ባትሪ ለመቆጠብ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል። መብራት እንደመጣ ላፕቶፑን ትከፍታላችሁ፤ ራውተሩ ግን ተነስቶ ከመስመሩ ጋር እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚያች ሰዓት ላፕቶፑን መውቀስ ያለ ጥፋቱ ነው። ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ከገባ ራውተሩ ደህና ነው። ስልኩም እምቢ ካለ ታገሱ።

ስልኩ ገብቶ ላፕቶፑ ብቻ ከቀረ ተርሚናል ክፈቱ። መጀመሪያ «ኤንኤምሲኤልአይ ጄኔራል ስታተስ» በሉ። የመጀመሪያው ቃል «አስሊፕ» ከሆነ ገና አልነቃሁም እያለ ያለው ኔትወርክማናጀር ራሱ ነው። ሲስተሙ ልንተኛ ነው ሲል መልእክት ይደርሰዋል፣ ይተኛል። ተነስተናል የሚለው መልእክት ሳይደርሰው ሲቀር ተኝቶ ይቀራል። መቀስቀሻው «ኤንኤምሲኤልአይ ኔትወርኪንግ ኦን» ነው። ካልሰማ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኔትወርክማናጀር» በሉት፤ እዚህ ላይ የኔትወርክ ኤን እና የማናጀር ኤም ትልልቅ ናቸው። በዚህ ከመጣ ካርዱም ድራይቨሩም ደህና ናቸው፤ እዚያው ቁሙ።

ኔትወርክማናጀር ነቅቶ ከሆነ «አርኤፍኪል ሊስት» በሉ። ለእያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለት መስመር ያሳያችኋል፤ «ሶፍት ብሎክድ» እና «ሃርድ ብሎክድ»። ሶፍቱ «የስ» ካለ በሶፍትዌር ተዘግቷል ማለት ነው፤ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። ሃርዱ «የስ» ካለ በቁልፍ ወይም በጎን ማብሪያ ተዘግቷል ማለት ነው፤ በትዕዛዝ አይከፈትም። የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነክታችሁ እንደሆነ እዩ። ምንም ማብሪያ የሌለው ላፕቶፕ ላይ «ሃርድ ብሎክድ፣ የስ» ሊመጣም ይችላል። በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ሞዴሎች ላይ ይህ የታወቀ ነበር። «አይዲያፓድ_ላፕቶፕ» የሚባለው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ቁራጭ ፕሮግራም) የሌለ ማብሪያ ተዘግቷል ብሎ ያወራ ነበር። አዲስ ከርነል መጫን የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

እስካሁን ምንም ካልተገኘ ጥያቄው ወደ ካርዱ ይወርዳል። «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ብላችሁ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጉ። ከሥሩ የሚሠራበት ድራይቨር ስም አለ። ኢንቴል ከሆነ አይደብሊውኤልዋይፋይ ነው። ሪልቴክ ብዙ ጊዜ አርቲደብሊው88 ወይም አርቲደብሊው89 በሚል ይጀምራል። ኳልኮም ኤቲኤች10ኬ ወይም ኤቲኤች11ኬ ይላል። ይህን ስም ጻፉት፣ በኋላ ያስፈልጋል። ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ከእንቅልፉ ጨርሶ አልተመለሰም ማለት ነው።

ሎጉ ምን ይላል?

ከሁሉም የምወደው ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ማስታወሻ፣ ማንበብ ነው። ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚፈራው እሱን ነው። ስክሪኑን የሞላው ጽሑፍ ስለሚያስደነግጥ ይመስለኛል። ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም። «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ» በሉና ወደ መጨረሻው ውረዱ። «ፒኤም፣ ሰስፔንድ ኤንትሪ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ላፕቶፑ የተኛባት ቅጽበት ናት። በቅንፍ «ዲፕ» ወይም «ኤስ2አይድል» ብሎ የትኛውን እንቅልፍ እንደተኛም ይነግራችኋል። ዝቅ ብሎ «ፒኤም፣ ሰስፔንድ ኤግዚት» አለ። ነቅቷል ማለት ነው። በሁለቱ መካከልና ወዲያው ከታች ያሉትን መስመሮች ብቻ አንብቡ። የድራይቨራችሁን ስም ፈልጉ።

የልጅቷን ላፕቶፕ ሎግ አብረን ስናየው እሷ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይሄ ምንድን ነው? ኤፍ ኤፍ ኤፍ ይላል።» ኤፍ የምትለው ፊደል ስምንት ጊዜ ተደርድራለች። ከፊቱ ደግሞ ካርዱን ብጠብቀው አልመለሰልኝም የሚል አለ።

ያቺ የኤፍ ሰልፍ ብዙ ትናገራለች። ድራይቨሩ ካርዱን «እንዴት ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱ በቁጥር ነው የሚመጣው። ካርዱ ሲነቃ የሚመጣው ቁጥር የተለያየ ነው። ማንም ካልመለሰ ግን ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሁሉንም ቢት አንድ አድርጎ ነው። ሁሉም ቢት አንድ ሲሆን በኮምፒውተር አጻጻፍ ኤፍ በኤፍ ይሆናል። ማለትም መልሱ አልተበላሸም። ጭራሽ መላሽ የለም። በሩን አንኳኩታችሁ ከውስጥ ዝም ሲል ማለት ነው።

«ታዲያ ሞቷል?» አለችኝ።

«አልሞተም፣ ተኝቷል። ቀስቅሰን እንየው።»

አብሮት የሚታይ ሌላም መስመር አለ። ከዲ3ኮልድ ወደ ዲ0 መቀየር አልተቻለም ይላል። ትርጉሙ ያው ነው። መብራቱ የተቆረጠበት ካርድ መነሳት አቅቶታል። ከዚህ የተለየው ደግሞ «ፈርምዌር» የሚለው ቃል ከ«ፌይልድ» ወይም ከ«ክራሽድ» ጋር አብሮ ሲመጣ ነው። ያኔ ካርዱ ነቅቷል፤ የተጫነለት ፕሮግራም ነው አልነሳ ያለው።

መቀስቀስ

የመጀመሪያው ሙከራ ድራይቨሩን አውርዶ እንደገና መጫን ነው። ለኢንቴል ካርድ «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይደብሊውኤልኤምቪኤም አይደብሊውኤልዋይፋይ» ይባላል። ይህ ሁለቱን ሞጁሎች ያወርዳል። ከዚያ «ሱዶ ሞድፕሮብ አይደብሊውኤልዋይፋይ»። ለሌላ ካርድ በቦታው ያን የጻፋችሁትን የድራይቨር ስም አስገቡ። ድራይቨሩ እንደ አዲስ ሲጫን ካርዱን ከዜሮ ጀምሮ ያነሳዋል፤ ፈርምዌሩንም ይጭንለታል። ሪስታርት የሚሠራውን ሥራ፣ የከፈታችሁትን ሳትዘጉ፣ በሦስት ሰከንድ ሠራችሁ ማለት ነው።

ኤፍ የተደረደረበት ካርድ ግን በዚህ ብቻ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ካርዱን ከፒሲአይ መስመሩ ላይ አስወግዶ መስመሩን እንደገና ማስፈተሽ ይቻላል። «ሲስ» ውስጥ፣ «ባስ»፣ «ፒሲአይ»፣ «ዲቫይሲስ» ሥር የካርዱ አድራሻ ያለበት ፎልደር አለ። አድራሻው ኤልኤስፒሲአይ ላይ በመስመሩ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ነው፤ እዚህ ፊቱ አራት ዜሮና ሁለት ነጥብ ይጨመርበታል። እዚያ ውስጥ «ሪሙቭ» የሚባለው ፋይል ላይ 1 ቁጥርን መጻፍ ካርዱን ያስወግደዋል። ቀጥሎ «ፒሲአይ» ፎልደር ውስጥ ያለው «ሪስካን» ላይ 1 መጻፍ መስመሩን እንደገና ያስፈትሻል። የልጅቷ ካርድ የተነሳው በዚህ ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ብቅ ሲል እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አንድ ጊዜ መቀስቀስ ግን መፍትሔ አይባልም። ነገም ክዳኑ ይዘጋል። የሚሠራውን ነገር ለላፕቶፑ ራሱ ማስተማር አለባችሁ። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ለዚህ አንድ ፎልደር አዘጋጅቷል፤ «ዩኤስአር»፣ «ሊብ»፣ «ሲስተምዲ» ሥር ያለው «ሲስተም-ስሊፕ» ነው። እዚህ የምታስቀምጡትን ስክሪፕት (ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ከመተኛቱ በፊት «ፕሪ» በሚል ቃል፣ ከተነሳ በኋላ «ፖስት» በሚል ቃል ይጠራዋል። «ፕሪ» ሲመጣ ድራይቨሩን አውርድ፣ «ፖስት» ሲመጣ ጫን የሚል አጭር ስክሪፕት በቂ ነው። ካርዱ ድራይቨር ሳይኖረው ይተኛል፣ ሲነሳም እንደ አዲስ ዕቃ ይታያል። ስክሪፕቱን «ሲኤችሞድ ፕላስ ኤክስ» ብላችሁ እንዲሠራ መፍቀድ አትርሱ። «አልሠራልኝም» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የዘለለው ይህችን ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የድሮ መመሪያዎች ፒኤም-ዩቲልስ ስለሚባል ነገር፣ «ስሊፕ.ዲ» ስለሚባል ፎልደር ያወራሉ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ በ2015 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ በ15.04 እትሙ ወደ ሲስተምዲ ዞሯል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ እዚያ ያስቀመጣችሁትን ማንም አያነበውም። መመሪያው ትክክል ነው፤ ዘመኑ ነው ያለፈው።

ስክሪፕቱ ፋሻ ነው። ቁስሉን የሚያድነው የከርነልና የፈርምዌር ማዘመኛ ነው። የካርድ አነሳስ ስህተቶች በየከርነሉ እትም ይታረማሉ። ኡቡንቱ ላይ «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለው ፓኬጅ የካርዶቹን ፈርምዌር ይዞ ይመጣል። ዋይፋይ ሳይኖር በምን አወርዳለሁ ካላችሁ፣ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩት። ላፕቶፑ እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨርም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ዳታ ግን ይበላልና ፓኬጅ ገዝታችሁ ጀምሩ።

ከዚህ ለየት የሚሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ዋይፋዩ ከእንቅልፍ በኋላ ይገባል ግን ይንቀራፈፋል ወይም ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል? ያኔ የኃይል ቁጠባውን ጠርጥሩ። ኡቡንቱ ላይ «ኢቲሲ»፣ «ኔትወርክማናጀር»፣ «ኮንፍ.ዲ» ውስጥ ስሙ ላይ «ፓወርሴቭ» የሚል ፋይል አለ። «ዋይፋይ.ፓወርሴቭ» የሚለው 3 ከሆነ ቁጠባው በርቷል። 2 አድርጉትና ኔትወርክማናጀርን ሪስታርት አድርጉ።

እንቅልፉ ራሱ ከሆነ ጥርጣሬው፣ «ካት» ብላችሁ «ሲስ»፣ «ፓወር» ውስጥ ያለውን «ሜም_ስሊፕ» አንብቡ። ሁለት ቃል ካለ አንዱ በቅንፍ ነው፤ አሁን የሚተኛው በሱ ነው። «ዲፕ» ከተጻፈ ሞክሩት። «ኤስ2አይድል» ብቻ ካለ አምራቹ ሌላውን አልተወላችሁም፤ በግድ ለማስገባት አትሞክሩ።

ዊንዶውስንና ሊኑክስን አንድ ላፕቶፕ ላይ የጫናችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ገብታችሁ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፉ። እሱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ካርዱን በራሱ ሁኔታ እንዳለ ትቶት ይሄዳል፤ ሊኑክስ ሲነሳ ያልጠበቀውን ካርድ ያገኛል።

እና ካርዱ በእውነት የተበላሸበት ጊዜስ? አለ። ሪስታርት ብታደርጉትም ኤልኤስፒሲአይ ላይ ካልታየ፣ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጥታችሁ ትንሽ አቆይታችሁ ስትመልሱት ካልመጣ፣ ያኔ ክፈቱት ወይም አስከፍቱት። የላላ ካርድ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ስክሪፕቱን እንሞክረው አልኳት። ክዳን መክፈትና መዝጋት ያሰለቻል። «አርቲሲዌክ» የሚባል ትዕዛዝ ላፕቶፑን አስተኝቶ በተባለው ሰከንድ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። «ሱዶ አርቲሲዌክ -ኤም ሜም -ኤስ 30» ብንለው ሠላሳ ሰከንድ ተኝቶ ይነሳል። ይህ ትዕዛዝ ግን ላፕቶፑን በቀጥታ ነው የሚያስተኛው፤ ሲስተምዲን ሳይጠይቅ። ስክሪፕታችን የሚጠራው ሲስተምዲ ሲያስተኛው ነው። ስለዚህ ማንቂያውን ብቻ እንዲሞላ «-ኤም ኖ» አልነውና ማስተኛቱን ለ«ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ» ተውነው። አሥር ጊዜ አስተኛነው። አሥር ጊዜ ተነሳ። እሷ ወረቀት ላይ ጭረት እየሰረዘች ትቆጥር ነበር። አሥረኛው ላይ ምልክቱ ትንሽ ዘግይቶ ሲመጣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የጠበቅነው።